ዓይን ውስጥ የሚገባ ሌንስ፦ ጥያቄው ከአርዲቦ ዳር ሲነሣ

በደቡብ ወሎ፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይናቸው ውስጥ ይዘው የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። ሞራ ጋርዷቸው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄደው ተገፎላቸዋል። ሞራው በወጣበት ቦታ የገባችውን ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ፕላስቲክ ግን አብዛኞቹ አያውቋትም። ቢጠየቁ «ሞራዬን ገፈፉልኝ፣ አየሁ፣ ተመስገን» ነው መልሳቸው። በዚያው ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባች የልጅ ልጅ ትኖር ይሆናል። መነጽሯ ወፍራም ነው፤ ስልኳ ላይ ደግሞ መነጽርን እስከ ወዲያኛው ያስጥላል የሚል የሌንስ ቀዶ ሕክምና ማስታወቂያ ደጋግሞ ይመጣባታል። አያትና የልጅ ልጅ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ለአያቷ የገባው ሌንስ የደበዘዘውን የተፈጥሮ ሌንስ ተክቶ ነው። እሷ የምትመኘው ግን ጤነኛው የተፈጥሮ ሌንሷ ባለበት እንዳለ፣ ከፊቱ ተጨማሪ ሌንስ ማስቀመጥን ነው።

ይህ ዳሰሳ የልጅቷን ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ ያለ አያቷ ታሪክ ግን አይፈታም። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ተጨማሪው ሌንስ ለጥቂት ሰዎች ካሉት አማራጮች ሁሉ የተሻለ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ግን ተራው አልደረሰም፣ ከእሱ በፊት የሚመለስ ሌላ ጥያቄ አለ። ጉዳዩን የሚወስነውም ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው ቀዶ ሕክምና ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ዓይኑን የሚከታተል ሐኪም መኖሩ ነው።

ሩቅ አጥርቶ የማያይ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ የረዘመ ዓይን ነው። የአዋቂ ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ሚሊ ሜትር በረዘመ ቁጥር ከ2.5 እስከ 3 የሚደርስ ማይነስ ይጨምራል። ብርሃኑ ሬቲና በሚባለው የዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ከመድረሱ በፊት ተሰብስቦ ያልቃል። በመነጽር ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል፦ አንድ ሜትርን ለቁጥሩ ማካፈል ነው። ማይነስ 2 የሆነ ሰው ያለ መነጽር እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ ጥርት አድርጎ ያያል፤ ማይነስ 5 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፤ ማይነስ 10 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ማይነስ 10 የሆነ ዓሣ አጥማጅ የመረቡን ቋጠሮ ለማየት አፍንጫው ሥር ማምጣት አለበት፤ ከጀልባው ማዶ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው።

ለዚህ ሁሉ መነጽር መልስ አለው። ቁጥሩ ሲከብድ ግን መነጽሩም ይከብዳል። የማይነስ 10 መነጽር የሚታየውን ነገር በአሥር በመቶ ገደማ ያሳንሰዋል፣ ዳር ዳሩን ያዛባል፣ ዓይንንም ከውጭ ለሚያይ ሰው ትንሽ ያስመስለዋል። በማይነስ 2 እና በማይነስ 10 መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ አይደለም፤ የኑሮ ልዩነት ነው። ማስታወቂያዎቹ ሁለቱን በአንድ ዋጋና በአንድ ተስፋ መሸጣቸው የመጀመሪያው ጥፋታቸው ይመስለኛል።

ሌንስን ዓይን ውስጥ የማስቀመጥ ሐሳብ የመጣው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች አውሮፕላናቸው ሲመታ የሽፋኑ ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ ያ ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑን ሳያስቆጣ እንደሚኖር ልብ አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1949 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ሞራዋን ላወጣላት ሴት ከተመሳሳይ ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ አስገባ። ከዚያ በፊት ሞራ የወጣለት ሰው እጅግ ወፍራም መነጽር ካላደረገ ጥርት ያለ ነገር አያይም ነበር። የሙያ ባልደረቦቹ ግን ለዓመታት ተቃወሙት። ዓይን ውስጥ ባዕድ ነገር ማስገባት የሐኪም ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ባዕድ ነገር ያወጣል እንጂ አሉ። ሪድሊ ክብሩን ያገኘው በስተርጅና ነው።

ጤነኛ ሌንስ ባለበት ዓይን ላይ ሌላ ሌንስ መጨመር የባሰ መከራ ያየ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጣሊያናዊው ስትራምፔሊ ለማይነስ ሕሙማን ከአይሪስ (ከዓይን ባለ ቀለሙ ክፍል) ፊት የሚቀመጥ ሌንስ ሞከረ፤ የስፔኑ ባራኬርም ተከተለው። ሌንሶቹ ኮርኒያ ከሚባለው ግልጽ የፊት ሽፋን ጋር ተጠግተው ስለነበር የኮርኒያን የውስጥ ሕዋሳት ፈጇቸው፤ ብዙዎቹም ተመልሰው ወጡ። እነዚህ ሕዋሳት ውኃ ከኮርኒያ እየሳቡ ግልጽ እንዲሆን የሚያደርጉ ናቸው። በአዋቂ ሰው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2,500 ገደማ ይሆናሉ፤ የሞቱትን የሚተካ የለም። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ከዓመታት በኋላ ነው የሚገለጠው፤ ሐኪሙ ውጤቱ ያማረ መስሎት ሕሙሙን ካሰናበተ በኋላ። በዚህ ጥፋት የተጠየቁት የጥንቶቹ ብቻ አይደሉም። አልኮን የተባለው ትልቅ ኩባንያ ከአይሪስ ፊት የሚቀመጠውን ካሼ የተባለ ሌንሱን በእኛ ዘመን ከገበያ አንሥቷል፤ ምክንያቱም ያው የሕዋስ መመናመን ነው።

ከ1950ዎቹ ውድቀት በኋላ አማራጮቹ በሁለት መንገድ ሄዱ። ሆላንዳዊው ያን ዎርስት አይሪስን በሁለት በኩል ቆንጥጦ የሚይዝ ሌንስ ሠራ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቆታል። ሩሲያዊው ፊዮዶሮቭ ደግሞ በ1980ዎቹ ከአይሪስ ኋላ፣ ከተፈጥሮ ሌንሱ ፊት ያለችውን ጠባብ ስፍራ መረጠ። ያሸነፈው የእሱ አቅጣጫ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚገባው የስታር ኩባንያ አይ ሲ ኤል እዚያው ይቀመጣል። ኮላመር ከሚባል፣ ኮላጅንና ፖሊመር ከተዋሐዱበት ለስላሳ ቁስ የተሠራ ነው። ተጠቅልሎ በሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይገባል፣ ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል፣ ስፌት አይፈልግም። ከውጭ አይታይም፣ አይሰማም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ጸደቀ፤ መሐሉ ላይ 0.36 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው አዲሱ ዓይነት ደግሞ በአውሮፓ ከ2011፣ በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ ተፈቅዷል።

ያቺ ቀዳዳ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የሙያውን ታሪክ ግን ለውጣዋለች። ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ፈሳሽ አለ፤ ከአይሪስ ኋላ ይመነጫል፣ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት ያልፋል፣ በማዕዘኑ ይወጣል። የድሮው ሌንስ መንገዱን ስለሚዘጋ ሐኪሙ አስቀድሞ በሌዘር አይሪሱን መብሳት ነበረበት። ያም ሆኖ ግፊት ይጨምር፣ ለተፈጥሮ ሌንሱ የሚደርሰው ፈሳሽ ያንስና ሞራ ይጀምር ነበር። አሁን ፈሳሹ በሌንሱ መሐል ያልፋል። አሜሪካ ውስጥ ለማጽደቅ በተደረገው ጥናት በ327 ሰዎች 629 ዓይኖች ላይ ገብቶ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሌንሱ የተነሣ አንድም ሞራ፣ አንድም የፈሳሽ መዘጋት አልታየም። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው አምራቹ ነው፣ ስድስት ወርም አጭር ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ማስታወስ ይገባል። ቢሆንም ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር መሻሻሉ አያከራክርም።

ሌንሱን ማይነስን ከሚያስተካክለው ሌዘር ጋር ማነጻጸር የበለጠ ያስተምራል። ላሲክ የሚባለው ሌዘር የሚሠራው ኮርኒያን እየላገ ነው። የአማካይ ሰው ኮርኒያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ በትክክል ለመናገር 540 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው። አንድ ማይነስ ለማስተካከል ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ይላጋል፤ ከዚያ በፊት የሚገለበጠው ስስ ሽፋን ደግሞ 100 ማይክሮን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ማይነስ 3 የሆነ ሰው በዚህ ሒሳብ ብዙ ይተርፈዋል። ማይነስ 10 የሆነው ግን ከ120 እስከ 150 ማይክሮን ይላጋበታል፤ ከሥር የሚቀረው የኮርኒያ ውፍረት ቢያንስ ሊኖረው ከሚገባው ከ250 እስከ 300 ማይክሮን ድንበር ላይ ይደርሳል። ድንበሩን ያለፈ ኮርኒያ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ሊያብጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ሌንሱ በአንጻሩ ከዓይን ምንም አይቀንስም፤ ካልተስማማ ይወጣል። ለከባድ ማይነስ ሌንሱ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት መርማሪ ቡድን ሌዘርንና ተጨማሪ ሌንስን ያነጻጸሩ፣ ሕሙማንን በዕጣ የመደቡ ሦስት ጥናቶችን መርምሯል፤ በድምሩ 228 ዓይኖች ነበሩባቸው፣ ቁጥራቸውም ከማይነስ 6 እስከ ማይነስ 20። ከአንድ ዓመት በኋላ ሌንስ የገባላቸው ከመነጽር ጋር የነበራቸውን ምርጥ ዕይታ ያጡት ቁጥራቸው አነስ ብሎ ተገኝቷል፤ የብርሃንና የጥላ ልዩነትን የመለየት አቅማቸውም ተሽሏል። 228 ዓይን ብዙ አይደለም። የክርክሩን አቅጣጫ ለማወቅ ግን ይበቃል።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? የአሜሪካው ፈቃድ ዕድሜን ከ21 እስከ 45፣ ቁጥርን ከማይነስ 3 እስከ ማይነስ 20 አድርጎ ወስኗል፤ ከ15 በላይ ላለው ሙሉ በሙሉ ማስተካከል ሳይሆን መቀነስ ነው ተስፋው። ከኮርኒያ እስከ ተፈጥሮ ሌንሱ ያለው ጥልቀት ቢያንስ ሦስት ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የሕዋሳቱ ቁጥር ለዕድሜው የሚበቃ፣ የዓይን ግፊቱ ጤነኛ፣ ቁጥሩም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያልተለወጠ። ከዚህ ውስጥ ሰው በራሱ ሊያውቀው የሚችለው ዕድሜውንና የቁጥሩን መርጋት ብቻ ነው። ቀሪው ሁሉ በመሣሪያ ይለካል። ልኬቱን ሳያደርግ ዋጋ የሚነግር ማዕከል ካጋጠመ ወሬውን አቋርጦ መውጣት ነው።

በየጊዜው መነጽሩ የሚለወጥበት ወጣት በተለይ ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። በሀገራችን ደጋም ወይና ደጋም ብዙ ሕፃናት ዓይናቸውን በሚያሳክክ፣ በሚያቀላ፣ በፀሐይና በአቧራ ወቅት በሚብስ አለርጂ ይሠቃያሉ። ዓይናቸውን ያሻሉ፣ ያሻሉ፣ ያሻሉ። ሲያድጉ ከእነሱ አንዳንዶቹ ኮርኒያቸው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል፤ ኬራቶኮነስ ይባላል። ይህ ሰው ማይነስ ያለው ይመስላል፤ መነጽር ሻጭም ማይነስ ይሰጠዋል፤ ግን አይጠራለትም። ላሲክ ለእሱ እጅግ አደገኛ ነው፤ ኮርኒያው እየተለወጠ ሳለ የሚገባ ሌንስም ገንዘብ ማባከን ነው። መጀመሪያ በሽታው መቆም አለበት። ለዚህ ነው የኮርኒያን ቅርጽ የሚያነበው ምርመራ ከየትኛውም ቀዶ ሕክምና የሚቀድመው።

አደጋዎቹን በተመለከተ ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም አልፈልግም። ሌንሱ በሠለጠነ እጅ ሲገባ ከዓይን ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ አስተማማኝ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሆኖም የሌንሱ ስፋት ከዓይኑ ጋር ካልገጠመ ችግር ይፈጥራል። በአዲሱና በተፈጥሮው ሌንስ መካከል ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈለጋል፤ ክፍተቱ ከጠበበ ሞራ፣ ከሰፋ ደግሞ ግፊት ያመጣል፤ ሌንሱ ወጥቶ በሌላ መለወጥ ሊኖርበት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የዓይን ግፊት ሊያሻቅብ ይችላል፤ ሕሙሙ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲሰማው ማደንዘዣው ነው ብሎ ሊተኛበት ይችላል። ኢንፌክሽን ብርቅ ነው፣ ሲመጣ ግን ዓይን ያጠፋል። ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት የተለመደ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው በወራት ይረሳል።

ከሁሉ የሚዘነጋው አደጋ ግን ሌላ ነው። ሌንሱ ቁጥሩን ያስተካክላል እንጂ ዓይኑን አያሳጥርም። ረዥሙ ዓይን ረዥም ሆኖ ይቀራል፤ ሬቲናው ተለጥጦ የሳሳ፣ ለመሰንጠቅና ለመላቀቅ የቀረበ ነው። መነጽር የጣለ ሰው ግን ራሱን ጤነኛ ዓይን ያለው አድርጎ ያያል፣ ምርመራ ያቆማል። ድንገት ብልጭታ፣ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም ከዳር የሚወርድ መጋረጃ ሲያይ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ እንዳለበት የነገረው ሰው ከሌለ ሌንሱ በጎ አላደረገለትም።

ኮንታክት ሌንስ ይሻላል የሚል ይኖራል። ለከተማ ሰው አንዳንዴ ይሻላል። አርዲቦ ዳር ግን እኔ አልመክረውም። በሐይቅ፣ በምንጭና በቧንቧ ውኃ ውስጥ የምትኖር አካንታሚባ የምትባል ረቂቅ ነፍስ አለች፤ በውኃ ከታጠበ ወይም ሳይወልቅ ከተዋኘበት ኮንታክት ሌንስ ጋር ኮርኒያ ላይ ትሰፍራለች። ሕክምናዋ ወራት ይፈጃል፣ ሕመሟም የከፋ ነው።

ዕድሜው ከአርባ አምስት ላለፈ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። የተፈጥሮ ሌንሱ ወደ ቅርብ የማስተካከል ኃይሉን አጥቷል። የሩቁ ቢስተካከልለት የንባብ መነጽር ያስፈልገዋል። ማይነስ 3 የሆነች ስፌት የምትሠራ የሃምሳ ዓመት እናት መነጽሯን ስታወልቅ መርፌ ታስገባለች። ሩቅ የሚያሳይ ሌንስ ቢገባላት ያንን ታጣለች። እንዲህ ያለ ሰው ሞራ እስኪመጣ ቢጠብቅ አይጎዳም፤ ያኔ የሚገባው ሌንስ ሞራውንም የሩቁን ቁጥርም በአንድ ጊዜ ይፈታለታል።

እዚህ ላይ ወደ አያቷ መመለስ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሀገራችን የሌንስ ታሪክ ያለው እሳቸው ዓይን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ሀገር አቀፍ የዓይነ ሥውርነት ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር፣ 3.7 በመቶው ዕይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ሥውራኑ ግማሽ የሚሆኑትን ያሳወራቸው ሞራ ነው። ዕይታቸው ከደከመባቸው መካከል ግን አንድ ሦስተኛው፣ 33.4 በመቶው፣ መነጽር ቢያገኙ ኖሮ የሚያዩ ነበሩ። ጥናቱ የቆየ ነው፣ የችግሩን አቀማመጥ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ ሕዝቡን ከሁሉ በላይ የሚያሳውረው ሞራ ነው፣ ከሚያደናብሩት ዋና ዋናዎቹ አንዱም መነጽር ማጣት ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ትራኮማ ተጨምሮበታል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ኮርኒያውን የሚቧጥጥበት ሰው ምንም ዓይነት ሌንስ ከማሰቡ በፊት የዓይን ቆቡ መቃናት አለበት።

ከደሴ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው፣ የደቡብ ወሎ ሰው ዓይኑን ሲያመው የሚሄድበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቦሩ ሜዳ ማለት አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ስፍራ ነው፤ ለተሁለደሬና ለአምባሰል ወረዳ አረጋውያን ግን ሞራ የሚገፈፍበት ነው። በሀገራችን ሞራ የሚገፍፉት የዓይን ስፔሻሊስት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። ሐኪም ሳይሆኑ ለዚህ አንድ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ባለሙያዎችም አሉ፤ ስፔሻሊስቱ በአብዛኛው አዲስ አበባ በተከማቸበት ሀገር ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር።

ሌንሱ ራሱስ እንዴት ርካሽ ሆነ? እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ሌንስ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ለድሃ ሀገር ሰው ሞራው ወጥቶ ወፍራም መነጽር ይሰጠዋል፣ መነጽሩ ሲሰበር ተመልሶ ይታወራል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደቡብ ሕንድ ማዱራይ ላይ የአራቪንድ ሆስፒታል ሰዎች አውሮላብን አቋቁመው ዋጋውን ከአሥር ዶላር በታች አወረዱት። አውስትራሊያዊው ፍሬድ ሆሎውስ ደግሞ በኤርትራ የትጥቅ ትግል ዘመን በረሃ ወርዶ የተመለከተውን ይዞ የሌንስ ፋብሪካ በካትማንዱና በአስመራ እንዲቆም ተነሣ፤ ራሱ በ1993 ቢሞትም ፋብሪካዎቹ ቆሙ። አንድ ዘመን ሌንስ በአስመራ ይመረት እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ከኤርትራ ጋር የሆነው ጦርነት ባይለየን ኖሮ ወደ ደሴ የሚመጣው ከዚያ በሆነ ነበር ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ለልጅቷ ጥያቄ ስለሚጠቅም ነው። ሞራ መግፈፍ በገጠር የሠመረው ሌንሱ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ከሞላ ጎደል ክትትል የማይፈልግ ስለሆነም ነው። ከዓመታት በኋላ ሌንሱን የያዘው ሽፋን ሲደበዝዝ ሰው «ሞራው ተመለሰብኝ» ይላል፤ በእርግጥ ሞራ አይመለስም፣ ያግ በሚባል ሌዘር በደቂቃዎች ይጸዳል። ችግሩ ያ ሌዘር በየወረዳው አለመኖሩ ነው። ለሞራ የሚያስፈልገው ትንሹ ክትትል እንኳ እንዲህ ከከበደ፣ በየዓመቱ የሕዋስ ቆጠራ፣ የግፊትና የክፍተት ልኬት የሚጠይቀው ተጨማሪው ሌንስ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያቅትም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና አካባቢዋን ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ አንዴ ከሄደ እንደ አልጋና ፍራሽ በቶሎ አይተካም።

ስለዚህ ከሌንሱ በፊት የሚመለሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ ትክክለኛ መነጽር አለህ ወይ? የደሴ ፒያሳ የመነጽር መደርደሪያ ፊት ቆሞ እየቀያየረ የሚሞክር ሰው ሳይመረመር ነው የሚገዛው። ሁለቱ ዓይኖቹ የተለያየ ቁጥር ቢኖራቸውስ? አስቲግማቲዝም ቢኖርበትስ? መነጽር ዓይን ያደክማል፣ ልጅን መነጽር ማስለመድ ዓይኑን ማበላሸት ነው የሚለው እምነት ደግሞ ቤተሰቡን ከምርመራው ያርቀዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ በልጅነቱ ጥርት ያለ ምስል ያላየ ዓይን ከአእምሮ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ደክሞ ይቀራል፣ በኋላ የትኛውም ውድ ሌንስ አያድነውም።

መነጽር የሚያመጣው ለውጥ በቁጥር ተለክቷል። በሕንድ አሳም የሻይ ለቃሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከአርባ በላይ የሆኑ ሠራተኞች ርካሽ የቅርብ መነጽር ሲያገኙ የሚለቅሙት ሻይ ከሌሎቹ በ21.7 በመቶ በልጦ ጨመረ። በባንግላዴሽ ደግሞ የንባብ መነጽር ያገኙ የገጠር ሰዎች ገቢ በ33 በመቶ ከፍ አለ። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ሀገሮች እስከ 2030 የሞራ ቀዶ ሕክምና ሽፋናቸውን በ30፣ የመነጽር ሽፋናቸውን በ40 ነጥብ ከፍ እንዲያደርጉ የወሰነው በከንቱ አይደለም። ይህን የምጠቅሰው ድሃ መነጽር ይበቃዋል ለማለት አይደለም። እንደዚያ ዓይነቱ ንግግር ያስቆጣኛል፤ የአርዲቦ ልጅም የለንደን ልጅ የምታገኘውን ብታገኝ መብቷ ነው። ነገር ግን ማይነስ 2 የሆነ ወጣት ቤተሰቡን በሬ አሽጦ ሌንስ ቢያስገባ ሕክምና አግኝቷል ከምል ተታሏል እላለሁ።

የልጅ ልጂቱ ግን ማይነስ 12 ናት እንበል፤ ጉዳይዋ ሌላ ነው። መነጽሯ ቢሰበር መንገድ አታቋርጥም። ኮርኒያዋ ለሌዘር አይበቃም። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነው፣ ቁጥሯ ረግቷል። ለእሷ ሌንሱ ቅንጦት አይደለም፤ ገንዘቡ ከተገኘና ልኬቱ ከፈቀደ ታስገባ ባይ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይን ከ3,000 ዶላር በላይ ይጠየቃል፤ ውጭ ያሉ ወንድምና እህቶች ብዙ ጊዜ የሚያዋጡት ለዚህ ነው። መዋጮው ሲሰላ ግን ቀዶ ሕክምናው ብቻ አይሰላ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ፣ ከሳምንት፣ ከወር፣ ከሦስትና ከስድስት ወር በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ ምርመራ አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሐኪሟ አጠገብ ማደር አለባት። ለሳምንታት ጠብታ ትጠቀማለች፤ ዓይኗን አታሽም፣ ሐይቅ አትገባም። ጊዜውንም ትምረጥ፦ ቤተሰቡ እህል በሚወቃበት፣ ገለባና አቧራ አየሩን በሚሞላበት ወር ከአውድማ አጠገብ ማገገም አይሆንም።

ለዚህ ሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ የሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ወረቀት ይዞ መመለስ አለበት። የገባለት ሌንስ ዓይነት፣ ኃይሉ፣ ስፋቱና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል። ከእሱ ጋር ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተለካውን የኮርኒያ ቅርጽ፣ የዓይን ርዝመትና የሕዋስ ቁጥር ጠይቆ ያምጣ፤ ፎቶ አንሥቶም ስልኩ ላይ ያስቀምጥ። ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ሞራ ሲመጣበት ያችን ሌንስ አውጥቶ በቦታዋ ሌላ የሚያስገባው ባለሙያ፣ ምናልባትም ቦሩ ሜዳ ላይ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው እነዚያ ቁጥሮች ናቸው።